ሠላሳ ከሃምሳ

የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሲፈታ የሚወጣው ያ የታፈነ ጠረን አፍንጫዬን በመታኝ ቁጥር ያ ዘመን ትዝ ይለኛል። ኮሮና መጥቶ የካምፓላ ትምህርት ቤቶችና የልብስ ሱቆች በተዘጉ ጊዜ፣ ኦዊኖ ገበያ ልባሽ ይነግድ የነበረው አባቴ ያልተሸጡትን ቦንዳዎች ሜንጎ ሰፈር ወደተከራየናት አንድ ክፍል አምጥቶ ግድግዳውን አስታኮ ደርድሯቸው ነበርና፣ ጠረጴዛዬም፣ ወንበሬም፣ ትምህርት ቤቴም እነሱ ሆነው ነበር።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከወሎ ዘግይቼ ስለመጣሁና እንግሊዝኛ ስለማልችል ከታች ክፍል አስጀምረውኝ፣ አምስተኛ ስደርስ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜም በቁመትም እበልጥ ነበር፤ አንዳንዶቹ «ማማ» እያሉ ይጠሩኝና ይሳሳቁ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «ቤታቸው በርትተው የተማሩ ልጆች፣ በሩ ሲከፈት አንድ ክፍል ዘለው ሰባተኛ ይገባሉ» ብሎ ለወላጆች በዋትስአፕ ሲያስታውቅ፣ ከእኩዮቼ ጋር የምቀመጥበት ቀን የመጣልኝ መስሎኝ ዘለልኩ። ከመቶው ማርክ ግማሹን ወላጅ፣ ግማሹን የክፍል አስተማሪ ይሰጣል ተባለ።

በዝናቡ ወራት ቆርቆሮው እየጮኸ በራዲዮ የሚተላለፈውን ትምህርት ይውጥብን ስለነበር አባቴ ራዲዮውን ዘግቶ እሱው ያስተምረኝ ነበር። እንግሊዝኛ እምብዛም አያነብም፤ ሆኖም መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ያዳምጠኝና ድምፄ ሲደናቀፍ «ድገሚው» ይለኝ ነበር። ሒሳብ ላይማ ምሕረት አልነበረውም። ሠርቼ ስጨርስ «ጎበዝ» አይልም፤ «ቀጣዩን» ነበር የሚለው።

ዝናቡ አባርቶ ቀዩ አቧራ በመስኮት መግባት ሲጀምር ጎረቤታችን ራሄል እኛ ቤት መዋል ጀመረች። እናቷ እትዬ ለተብርሃን ኤርትራዊት ናቸው፤ ራሄል የክፍል ጓደኛዬ ስትሆን ክፍልፋይ ሲመጣባት እንባዋ ይቀድማት ነበር። ቦንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አስረዳት ነበር፤ አንዳንዴም ሲሰለቸኝ ራሴ እሠራላት ነበር።

ማርክ የሚሞላበት ቀን ሲደርስ አባቴ እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ካሰበ በኋላ ከሃምሳ ሠላሳ ጻፈልኝ።

እናቴ ጮኸች። «ሠላሳ? ሁሉን ሠርታ የለም እንዴ!»

«ታዲያ የገዛ ልጄን እኔው ላሞግስ? ነውር አይደለም?» አላት። «አስተማሪው ሥራዋን ሲያይ ራሱ ከፍ ያደርገዋል። እኔ ዝቅ፣ እሱ ከፍ፤ ወጉ እንደዚያ ነው።»

እንግዳ ጋብዞ፣ ማዕዱን ሞልቶ፣ «ምንም የለም፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» እንደሚል ሰው ነበር ያደረገው። እትዬ ለተ ግን ለራሄል ሃምሳውን በሙሉ ሰጥተው፣ «ልጄ አይደለችም? እኔ ካልሰጠኋት ማን ይስጣት?» ብለው ሳቁ። አባቴ ያን ቀን በእሳቸው ፈንታ አፈረ።

በጥር ትምህርት ቤት ሲከፈት ራሄል ሰባተኛ ገባች፣ እኔ ስድስተኛ። በማግስቱ አባቴ የጁምዓ ልብሱን ለብሶ አስተማሪው ዘንድ ይዞኝ ሲሄድ፣ እናቴ ከኋላችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጠን። ወላጆች ለልጆቻቸው እንደሚያበዙ ስለሚታወቅ ትምህርት ቤቱ ከቤት ከመጣው ማርክ ሁሉ ላይ እኩል እንደቀነሰ፣ የራሱንም ግማሽ ሲሰጥ የልጁን ውሎ የሚያውቀው ወላጅ ነው ብሎ ያንኑ እንደተከተለ ነገረን።

«አባትሽ ራሳቸው ሠላሳ ካሉሽ፣» አለኝ፣ «እኔ ከየት አምጥቼ ልጨምር?»

አባቴ እንግሊዝኛው አልበቃው ስላለ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ፊቱ ቀልቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ተናገረ። «ልጄ ጎበዝ ናት በዪው።»

እኔም ስለራሴ፣ በራሴ አፍ፣ «ጎበዝ ናት ይላሉ» አልኩ። አስተማሪው ፈገግ ብሎ «ዛሬ በዚህ በር የገባ ወላጅ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው» አለ። ይህን ለአባቴ መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ገብቶት ነበር። ስንመለስ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተርሳይክል ላይ ከኋላው ተቀምጬ ጀርባውን እያየሁ፣ ምነው አንዴ እንኳ እኔን ለማሞገስ ባታፍር ኖሮ እያልኩ በልቤ ስረግመው መጣሁ። አስተማሪውንም ረገምኩት። ኃላፊነቱን ለሁለት ተካፈሉ ሲባሉ እያንዳንዳቸው ሌላው ይይዘዋል ብለው ለቀቁትና መሬት የወደቅሁት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። «ማማ» የሚሉኝ አሁን ከትከሻዬ በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ዓይናቸውን ከማይ ብዬ ትምህርቴን አቋረጥኩ። እናቴ አለቀሰች።

ዛሬ ኦዊኖ አባቴ ጎን ቆሜ ልባሽ እሸጣለሁ፤ ራሄል ግን ሁለተኛ ደረጃዋን ልትጨርስ ነው። አባቴ አርጅቶ ይሁን ተጸጽቶ እንጃ፣ አሁን ማፈር ትቷል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር፣ ሐበሻ ይሁን የአገሬው ጋንዳ ሳይመርጥ፣ «ይቺ ልጄ ጭንቅላቷን ብታዩት! ከሷ የሚበልጥ አልነበረም» ይላል። ሰዎቹም «ማሻአላህ» ብለው ሸሚዛቸውን መምረጥ ይቀጥላሉ። የሚናገረው ውሸት አይደለም፤ ያኔም እውነቱ ይኸው ነበር። ልዩነቱ፣ ያኔ የሚጠይቀው ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም አልጠየቀውም።