የዑምኩልሱም ኢዳ

ሀሚዱ ይመር በ1991 ወደ ባድመ ሲዘምት ልጁ ሂዳያ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱም አልተመለሰ፣ መርዶውም አልመጣ። እናቷ ዑምኩልሱም ስለዚህ ኢዳ አልተቀመጠችም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምታሳልፈውን አራት ወር ከአሥር ቀን። ሸሁ፣ «አራት ዓመት ጠብቀሻል፤ ሸሪዓው ይፈታሻል» ቢሏት፣ «ሲሞት ማን አየው?» አለች። ለማግባት ሽማግሌ የላኩባትንም በዚሁ ቃል መለሰቻቸው።

በ2010 እርቅ ሆኖ ድንበሩ ሲከፈት ሂዳያ አባቷ ተማርኮ ይሆናል ብላ ከሐይቅ ውጫሌ፣ የዘማቾች መዝገብ ወዳለበት ቢሮ ተመላለሰች። የሀሚዱ ስም ከሞቱትም፣ ከተማረኩትም፣ ከዘመቱትም መዝገብ አልተገኘም።

«ባድመ ብሎ ጅቡቲ ገብቶ እንዳይሆን» አለ ጸሐፊው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

በ2014 ጦርነት አምባሰልን አቋርጦ ሐይቅ ገባ። ሲያልፍ ሂዳያ ተመልሳ ሄደች፤ መዝገቡ ተቃጥሏል። የቢሮው ዘበኛ ፈንታሁን በባድመው ጦርነት አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። አዘነላት።

«ከሐይቅ ሀሚዱ የሚባል አላውቅም» አላት። «ኑርዬ ይመር ግን ነበር። ሂዳያ የምትባል ልጅ አለችኝ ሲል ነበር የሚውለው። በግንቦት 92 በእጄ ቀበርኩት።»

«ኑርዬ አጎቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግን ትቼው ነው የመጣሁ።»

«እንዲያ ከሆነ የቀበርኩት ማንን ነው?»

ኑርዬ ጥያቄዋን ሲሰማ መረቡን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም።

«አባትሽን ዕድሜህ አልፏል ብለው መለሱት። መታወቂያህን ስጠኝ አለኝ፤ ሰጠሁት።»

«መርዶውስ?»

«በ95 መጣ። ኑርዬ ይመር ሞቷል አሉ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ተሳሳቱ ተብሎ አገሩ ሳቀ። ለደስታው በግ ታረደ። ወጡን የሠራችው እናትሽ ናት።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«መጀመሪያ እስሩን ፈራሁ። ኋላ እናትሽን።»

ዑምኩልሱም ስትሰማ አላለቀሰችም። ታጠበች፤ ሽቶዋንና ኩሏን ለጎረቤት ሰጠች፤ ጥጓ ላይ ሰሌን አነጠፈች። ከዚያ ሸሁን አስጠራች።

«ከዛሬ ጀምሮ ይቁጠሩልኝ፣ ሸሆዬ።»

ሸሁ ወራቱን በጣታቸው ቆጠሩ። «ኢዳ ከሞተበት ቀን እንጂ ከሰማሽበት አይቆጠርም። መስከረም 93 ላይ አልቋል። አብሽሪ፣ ምንም የለብሽም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ዱዓ አድርገው ወጡ። ዑምኩልሱም ከሰሌኑ አልተነሳችም።

«ያን መስከረም ምን እሠራ ነበር?» አለች።

ሂዳያ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አታውቅም።