የሰጠመች መርከብ ቆዳ

ገብረ ኢየሱስ በጋይንት አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ጸሐፊ ሆኖ የሌላ ሰው ፍርድ ጻፈ። ዳኞች ይመጣሉ፣ ዳኞች ይሄዳሉ፤ ነገር የጠመመባቸው ለት ሁሉም ዘወር ብለው «መሪጌታ፣ እርስዎ እንዴት ያዩታል?» ይሉታል፤ የነገራቸውን በራሳቸው አፍ ይፈርዱታል። በ1956 ዓ.ም. ወንበሩ ባዶ ሆነና ፈተና ላለፈ ይሰጣል ተባለ። ገብረ ኢየሱስ ከዚያ ወንበር ሌላ በዚህ ዓለም የሚመኘው አልነበረውም።

ፈተናው ግን ስለ ርስት አይጠይቅ፣ ስለ ወሰን አይጠይቅ። ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት «የባሕር ሕግ፤ የመርከብ ኪራይ ውል» ይላል። ባሕር! ከጋይንት በእግር ወር የሚያስኬድ ባሕር! ይህን ያዘዘ ሰው ጋይንት የት እንደሆነ ያውቃል? ቢያውቅስ ምን ገዶት!

የቅኔ ቤት ልጅ ግን መጽሐፍ አይፈራም። ሕጉን ከአንድ ነገረ ፈጅ ተውሶ እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው። ገብስ ሲያበራይ እንኳ ከበሬዎቹ ኋላ እየዞረ «መርከብ በጉዞ ይከራያል፤ መርከብ በጊዜ ይከራያል» ይላል በዜማ።

ሚስቱ አልጣሽ መንሹን ተደግፋ ሳቀች። «ኧረ አንቱ ሰውዬ! ይኸ መርከብ በየት ሊመጣ ነው? የጨጨሆን ዳገት ሊወጣ?»

«ሹመቱን ጭኖ ነው የሚመጣ። ዝም በይ።»

«እንግዲያስ ምን እንደሚበላ ጠይቁልኝ። ድርቆሽ የለንም።»

በቀልዷ ነገሩ ወለል አለለት። መርከብ ማለት ለካ የኪራይ በቅሎ ናት! ነጂዋን ባለቤቷ ከሰጠ አንድ ውል፣ ተከራዩ ራሱ ከነዳት ሌላ ውል። ከዚያ ወዲህ የከበደው አንቀጽ አልነበረም።

ደብረ ታቦር ሄዶ ሦስት ፈታኞች ፊት ቆመ። የጠየቁትን ሁሉ አነበነበው። በመጨረሻ አንደኛው መነጽሩን እየወለወለ፣ «በጊዜ የተከራየች መርከብ ሰጠመች። ተከራዩ ምን ይሁን?» አለው።

«ከሰጠመችበት ቀን ወዲህ ኪራይ የለበትም።»

እዚያ ላይ አፉን ቢዘጋ ዳኛ ነበር። ግን በጋይንት የተከራያት በቅሎ ገደል የገባችበት ሰው፣ ምልክት ያለበትን ቆዳዋን ገፎ ካላመጣ ሸጧታል ነው የሚባል። ስለዚህ ጨመረ፦ «ነገር ግን ጌቶቼ፣ ምልክት ያለበትን ሳንቃዋን ነቅሎ ለባለቤቷ ማምጣት አለበት።»

ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ጠልቆ ነው የሚያወጣው? እንደ ዓሣ?» አለ ባለመነጽሩ። «ለምን እንዲህ አልህ?» ብሎ የጠየቀው አንድም የለ። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ የሳንቃው ነገር እውነትን መፈለግ መሆኑ ይገባቸው ነበር።

ወንበሩ ከከተማ ለመጣ ንጉሴ ለሚባል ጎልማሳ ተሰጠ። ገብረ ኢየሱስ ተመልሶ ብዕሩን ጨበጠ።

በሳምንቱ አያሌው የሚባል ገበሬ፣ ጨው ነጋዴውን ረጀብን «በቅሎዬን ተከራይቶ ሸጠብኝ» ብሎ ከሰሰ። ረጀብ የታጠፈ ቆዳ ከትከሻው አውርዶ ዘረጋ። «ገደል ገባችብኝ ጌታዬ። ይኸው ምልክቷ።»

አያሌው ጎንበስ ብሎ ታፋዋ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳሰሰ። ፊቱ ተለወጠ፤ «የኔ...» ማለት ጀመረ። በአገሩ ደንብ ነገሩ እዚያው ማለቁ ነበር።

«ይህን የሚገማ ነገር ከፊቴ አንሱ!» አለ ንጉሴ። «የጽሑፍ ማስረጃ አለህ?»

«ገደል ይጽፋል እንዴ ጌታዬ?»

አያሌው ዳኛውን አየ፣ ቆዳውን አየ፤ ቃሉን ዋጠው። ረጀብ የበቅሎዋን ዋጋ ይክፈል ተባለ። ንጉሴ ወደ ጸሐፊው ዘወር አላለም። ባይልስ? ገብረ ኢየሱስ አፍ የለውም? «ሰውዬው የኔ ሊል ነበር» ማለት ስንት ቃል ነው? የደብረ ታቦሩ ሳቅ ግን ጆሮው ውስጥ ነበርና አቀርቅሮ ጻፈ፤ ባማረ የቁም ጽሕፈት።

ረጀብ ቆዳውን ተሸክሞ ሲወጣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። «መሪጌታ፣ እርስዎ እንኳ ያውቃሉ።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ» አለ ገብረ ኢየሱስ፣ ቀና ሳይል።