መኪና የማይገባበት መንገድ

ዛሬ ዝናቡ እንዳባራ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ወንዙን ተከትሎ ጫካ ለጫካ በሚሄደው የሳይክል መንገድ ላይ ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ። የበሰበሰው ቅጠል ሲሸተኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ታክሲ መንዳት ድንገት ያቆመው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ለምን እንዳቆመ ቤታችን ውስጥ አይወራም ነበር። መኪናውን ሸጦ ሁለት ያገለገሉ ሳይክሎች ገዛና ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ያመጣኝ ጀመር። «እዚህ መኪና አይገባም» ይለኛል፤ ሌላ ምንም አይጨምርም። እንዲያም ሆኖ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እንደያዘ ነበር የሚወርደው፤ እኔም ከኋላው እየተነጫነጭኩ እከተለዋለሁ።

አንድ ቀን ኩርባው ላይ አጋዘን ከጫካው ዘላ ፊቱ ድቅን አለች። ፍሬኑን ጭምቅ ሲያደርገው ከነሳይክሉ ወደቀ። አጋዘኗ ወንዙን ተሻግራ ሄደች፤ እሱ ግን አልተነሳም።

«ልጅ መሰለችኝ» አለ።

ለእኔ የደነገጠ መስሎኝ፣ «ዳዲ፣ አይም ሂር! ኋላህ ነኝ እኮ» አልኩት።

ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ እየጠረገ፣ «አንቺን አይደለም፣ ልጄ» አለኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እሱም እስካሁን አልነገረኝም። አሁን አርጅቶ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ያያል።

ኩርባው ጋ ስደርስ አንዲት አጋዘን መንገዱን አቋረጠች። ካለፈች በኋላም ፍሬኑን አልለቀቅኩም፤ የሚከተላት ግልገል ይኖር እንደሆነ ጫካውን ሳይ ቆየሁ።