በሐይቁ ዳር ቤት የእማዬን ጽሕፈት አገኘሁ!

«እማዬ፣ ነይ! በሩ ላይ አማርኛ አለ!» ብላ ልጄ ዛሬ ጠዋት ከኩሽና ጮኸች።

ለሦስት ቀን ራሳችን እያበሰልን ልናርፍ፣ ከጄኔቫ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ የሐይቁ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ወደብ አጠገብ ቤት ተከራይተናል።

ሮጬ ሄድኩ። በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ሁለት የቁመት ምልክት ተሰምሯል፤ አጠገባቸው «ሰናይት»፣ «ዳዊት» ይላል። ሰናይት እኔ ነኝ። ጽሕፈቱ የእናቴ ነው!

በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ ሸሽተን ስንመጣ፣ አንዲት ደግ ሴት ውሃ ዳር ባለ ቤቷ ብርዱ እስኪያልፍ አስጠግታን ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ መንደሩን አላስታውሰውም። እማዬም አርፋለች፤ ማንን ልጠይቅ?

አከራያችንን ጠርቼ ምልክቱን ባሳያት፣ የዚያች ሴት ልጅ ናት ለካ! «ቤቱን ብዙ ጊዜ ቀለም ቀብተነዋል፤ እናቴ ግን ይችን ቦታ አታስነካንም ነበር» አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ። (የአርባ ዓመት ፈረንሳይኛዬ ሲጠፋብኝ አያድርስ ነው!)

እዚሁ አገር ዲቤንዶርፍ ከተማ ለሚኖረው ወንድሜ ለዳዊት ደወልኩለት። «ያን ቤት በሕልምሽ ነው ያየሽው» እያለ ሲያሾፍብኝ የኖረው ሰውዬ፣ አሁን ግን «እንዳትሄዱ፣ በሚቀጥለው ባቡር መጣሁ» አለኝ።

እናንተስ፣ በዚያ ዘመን መጀመሪያ ያስጠጋችሁን ሰው ኋላ አገኛችሁት? እስኪ አጫውቱኝ።