ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ

በሰው ጥፋት ላይ ብዙ ጽፌያለሁ። የራሴን ይህን አንዱን ግን እስከ ዛሬ ለወዳጅም ለቄስም አልተናገርኩም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተው ስማኝ።

ለአንድ ስብሰባ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ታላቅ እህቴ ሙሉ ጅማ አጠገብ ካለችው ከተማችን ከሰርቦ ደወለች። «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ብትመጣ ጥሩ ነው» አለችኝ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የሞተ ሰው ሁሉ በስልክ «ትንሽ አሞት» ነው። እናቴ ሞታለች ብዬ ደመደምኩ። አለቀስኩም። እንባዬን ጠርጌ ምን አሰብኩ? ዓርብ ከሰዓት የማቀርበው ንግግር እንዳለኝ። ለሞተ ሰው ምን ያስቸኩላል? ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም።

«ቀጥታ በረራ የለም። በሌላ አገር ዞሬ ነው የምመጣው፤ ሁለት ቀን ይፈጃል» አልኳት። ዋሸሁ። ከናይሮቢ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ንግግሬን አቀረብኩ። ርዕሱ ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ ጭብጨባው ግን ትዝ ይለኛል። ቅዳሜ ሰርቦ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤቶች «ሁለት ቀን አየር ላይ የዋለ ሰው ነው፣ ይረፍ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

እናቴ የሞተችው ዓርብ አመሻሽ ላይ ነበር። እህቴ በስልክ የነገረችኝ እውነቷን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሙሉ ግቢዋ ውስጥ ቡና ስታሰጣ ቀሪውን ነገረችኝ። እነሱ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን የኮሌጅ መምህር ያን ሐሙስ ስለ መንገዱ ጠይቃው ኖሯል፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነግሯታል።

«እማዬስ?» አልኳት።

«በየሰዓቱ "የት ደረሰ?" ትለኛለች። "አየር ላይ ነው" እላታለሁ። "እዚያ ላይ ምግብ ይሰጡታል?" አለችኝ። "ዶሮ ነው አሉ የሚሰጡት" አልኳት። ሳቀች። "እንግዲያ ቀስ ብሎ ይምጣ" አለች።»

«ታዲያ እኔን ለምን ዝም አልሽኝ፣ እትዬ?»

«ምን ልበልህ? ለቅሶ ላይ ልስደብህ? ይልቅ ያንን ጥግ አገላብጥልኝ፤ ሊሻግትብኝ ነው።»

አገላበጥኩ። ለምን እንደዘገየሁ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ይኸው ዛሬ ነገርኳት። «የሞተች መስሎኝ ነው» ማለት ማመካኛ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ሞታ ቢሆንስ ኖሮ? አስከሬን ታቅፋ ብቻዋን የተቀመጠች እህት አላስቸኮለችኝም ማለት ነው። ይህ ከውሸቱ ይብሳል።

እትዬ ሙሉ፣ ይቅርታሽን ሳልጠይቅ ወስጄ ስኖርበት ኖሬያለሁ፤ አሁን ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። አመሰግንሻለሁ። እናታችን በመጨረሻዋ ቀን የጠበቀችው ልጅ አንቺ የፈጠርሽላት ነው። ከእኔ ይሻል ነበር።