የአጋቬው ጠርሙስና የግራ እግሬ ጣት

መጀመሪያ የመጣው ውኃ ጥም ነው። አሶሳ ባጃጅ ተራ አጠገብ ሻይ እሸጣለሁ፤ ሙቀቱንም ምድጃውንም ስለለመድኩ ጥሙን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ቀጥሎ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያጣድፈኝ ጀመር። ከዚያ ዐይኔ ብዥ አለብኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመረመር የስኳር በሽታ፣ ዓይነት ሁለት፣ ተባልኩ። ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን ጠዋትና ማታ ታዘዘልኝ፤ ስኳርም ተከለከልኩ።

እኔ ዘንድ ሻይ የሚፈላው ስኳሩ በራዱ ውስጥ ገብቶ ነው። ባፈላሁ ቁጥር በትንሽ ብርጭቆ እቀምሳለሁ፤ ያልቀመሱትን ለደንበኛ ማቅረብ ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። የራሴን ሻይ ተውኩ። ቅምሻውን ግን አልተውኩም። ቅምሻን መጠጣት ነው ብሎ ማን ይቆጥረዋል?

የእህቴ ልጅ ፎዚያ ሸርቆሌ ወረዳ ታስተምራለች። መታመሜን ስትሰማ ከውጭ አገር ከመጣች ባልደረባዋ አንድ ጠርሙስ አጋቬ ተቀብላ በሚኒባስ ይዛልኝ መጣች። ቃጫ ከሚመስል ተክል የሚወጣ፣ እንደ ማር ያለ ፈሳሽ ነው።

«አክስቴ፣ ይሄ ከተክል ነው፤ ስኳር አይደለም» አለችኝ።

ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። ሸንኮራ አገዳም ተክል መሆኑ ያን ቀን ትዝ አላለኝም!

ለራሴ ብቻ ትንሽ በራድ ለየሁ። በአጋቬ እያጣፈጥኩ ቀኑን ሙሉ እጠጣለሁ፤ ሲያልቅ ፎዚያ ሌላ ታመጣለች። ስኳር ካቆምኩ ክኒኑ ምን ይሠራልኛል ብዬ የማታውን ተውኩት።

አንድ ቀን የግራ እግሬን ትንሿን ጣት ጫማ ላጣት። በሽታው እግሬን አደንዝዞት ኖሮ አላመመኝም። ስላላመመኝ አላየኋትም። በሳምንቱ ጠቆረች። ሸተተች።

ሆስፒታል ሐኪሙ አገላብጦ አያት።

«ስኳሩ ካልወረደና ቁስሉ ካልዳነ ጣቷ ትቆረጣለች» አለኝ።

ክው አልኩ። ቆሜ የምሠራ ሴት ነኝ።

«ስኳር ይወስዳሉ?»

«ምንም።»

እውነቴን የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እዚያው አስተኝቶ ኢንሱሊንና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጀመረልኝ። ቁስሌን የምታጥበው ነርስ ግን፣ «እስቲ አንድ ቀንዎን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» አለችኝ። እሷ ፋሻ ስትጠቀልል እኔ ስዘረዝር ቅምሻው ወጣ፣ የተውኩት ክኒንም ወጣ። የአጋቬውን ነገር ግን ዋጥ አደረግሁት። ፎዚያ ጥፋተኛ እንዳትባል ፈራሁ።

በማግስቱ ፎዚያ ልትጠይቀኝ መጣች፤ አዲስ ጠርሙስ ይዛ። ነርሷ ጽሑፉን አነበበች።

«ይሄም ስኳር ነው» አለች። «አብዛኛው ፍሩክቶስ የሚባለው የፍራፍሬ ስኳር ነው። የደም ስኳርን ቶሎ ስለማይሰቅል ሰው ይታለላል፤ ሲበዛ ግን ጉበትንም ይጎዳል።»

ፎዚያ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። «በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር!»

«አንቺ የሰጠሽኝ ጠርሙስ ነው። በራድ ሙሉ የጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ጣቴ ሳትቆረጥ ዳነች፤ ግን ወራት ፈጅታ፣ በየሁለት ቀኑ እየታጠበች፣ መጀመሪያ ቀይ ሥጋ ከዚያም ስስ ቆዳ እያወጣች ነው የዳነችው። አሁን ማታ ማታ እግሬን አጥቤ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር አደርቃለሁ፣ ውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ፣ ክኒኔንም አላጓድልም። በራዱን የሚቀምስልኝ የባጃጅ ሹፌሩ ሐሚድ ነው። የበርታ ልጅ ነው፤ አክስቴ ለማለት ኻልቲ ይለኛል። «ኻልቲ፣ ስኳር ትንሽ ነው። ጨምር!» ይለኛል ሁልጊዜ በተሰባበረ አማርኛው፣ እኔም እየሳቅሁ እሺ እላለሁ እንጂ አልጨምርም።

ነርሷን እግዜር ይስጥልኝ። እኔን የያዘኝ በሽታ ለያዛችሁ የምለው አንድ ነው። ሐኪም ስኳር ትወስዳላችሁ ወይ ሲል የለም ብላችሁ አትለፉት፤ የቀመሳችሁትንም፣ ሰው በፍቅር የሰጣችሁንም ንገሩት። ለፎዚያ ብዬ የደበቅሁት ጠርሙስ ጣቴን ሊያስቆርጠኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከእኔ ይልቅ የምትጎዳው ፎዚያ ነበረች።

ባለፈው ስትመጣ ስኳር የሌለው ሻይ ቀድቼ ሰጠኋት። ፊቷን አጨማደደች። ግን እስከ መጨረሻው አብራኝ ጠጣች።