ያልተጋረዱት መስኮቶች

ከንቲባ ኢኖክ ክራብትሪ ለብላክሾ ከተማ መናፈሻ ሰጥተው፣ ስማቸውን በየአግዳሚ ወንበሩ ያስቀረጹ ቸር ሰው ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የሸማኔ ሰፈር ልጆችን «ለገና ትመለሳላችሁ» ብለው ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ መርቀው ወደ ፈረንሳይ ግንባር ሸኙ፤ እሳቸው ምሳቸውን በሉ፣ ልጆቹ በዚያው ቀሩ።

ሚስታቸው ሄስተር ሞታ ሬሳዋ በዚያ ሰፈር አለፈ። ቀብር ሲያልፍ፣ የሰካራም እንኳ ቢሆን፣ ሰፈሩ ለሟች ክብር መጋረጃውን ይዘጋል፤ ለሄስተር ግን አንድም መስኮት አልተጋረደም። ከንቲባው ከሰረገላቸው ወርደው የሰፈሩን ነዋሪ የወይዘሮ ክሌግን በር አንኳኩ።

«እኔን ይርገሙኝ፤ ለእሷ ግን ይዝጉላት።»

«ክቡር ከንቲባ፣ ሦስቱ ልጆቼ ፈረንሳይ አፈር ሲለብሱ ማን ዘጋላቸው? መናፈሻዎን ይዝጉላት።»

ከንቲባው ካፖርታቸውን አውልቀው የሬሳ ሰረገላውን መስታወት ጋረዱላትና፣ ዝናብ እየደበደባቸው ከጎኗ በእግራቸው ሄዱ።